በደንበኛና በአገልጋይ መካከል የሚቆም እንደራሴ




በአማርኛ «እንደራሴ» የሚባለው ቃል ትርጕሙን ከራሱ ውስጥ ይዞ የሚገኝ ነው፤ ሿሚው «እንደ ራሴ ሁነህ ሥራ» ብሎ በራሱ ቦታ ያቆመው ሰው ማለት ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጠቅላይ ግዛት የሚያስተዳድረው ሹም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ይባል ነበር፤ በምክር ቤት የሚቀመጠውም ሰው የሕዝብ እንደራሴ ተብሏል። እንደራሴ የሚናገረው ስለ ራሱ አይደለም፤ የሚፈጽመውም የሌላውን ጕዳይ ነው። ይሁን እንጂ ከፊቱ የሚቆመው ባለጕዳይ የሚያየው እርሱን ብቻ ነው፤ ከበስተኋላው ያለውን አያይም። ስለዚህ እንደራሴው ቢያጐድል ባለጕዳዩ የሚያዝነው በሿሚው ላይ ነው።

በኮምፒዩተር መረብ ውስጥ «ፕሮክሲ» ተብሎ የሚጠራው መካከለኛ ከዚህ እንደራሴ እምብዛም አይለይም። የእንግሊዝኛው ቃልም ቢሆን በሌላው ፈንታ የሚቆም ወኪል ማለት ነው። የኮምፒዩተር ክፍል ባለው ትምህርት ቤት ይህ መካከለኛ ብዙ ጊዜ በአንድ ጥግ፥ አቧራ በለበሰ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ሌሊትና ቀን ይሠራል። ሥራው በተቃና ጊዜ መምህሩ መኖሩን እንኳ አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው ትምህርቱ ተቋርጦ «ፕሮክሲው አልመለሰም» የሚል ጽሑፍ በመስተዋቱ ላይ የወጣ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ይህ አይበቃም። የተማሪው ደብዳቤ፥ የተማሪው ስም፥ አልፎ አልፎም የተማሪው የፈተና መልስ በዚህ ሣጥን እጅ ያልፋልና፥ እጁ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ለቴክኒክ ሠራተኛው ብቻ የሚተው ነገር አይደለም።

ነገሩ ከመሠረቱ ሲታይ እንዲህ ነው። በተማሪው ፊት ባለው ማሽን ላይ የሚሠራው ፕሮግራም፥ ገጽ የሚያሳየው ብራውዘር ቢሆን፥ የፈተና ፕሮግራም ቢሆን፥ «ደንበኛ» ይባላል፤ የሚጠይቅ እርሱ ነውና። የሚጠየቀውና ለብዙዎች ባንድ ጊዜ የሚመልሰው ሩቅ ያለው ማሽን ደግሞ «አገልጋይ» ወይም በተለመደው ቃል «ሰርቨር» ይባላል። ሁለቱ በአንድ ማሽን ውስጥ ቢኖሩ ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ ጠያቂው ይጠይቃል፥ ተጠያቂው ይመልሳል፥ ማሽኑ ቢጠፋም ሁለቱ አብረው ይጠፋሉ። አንዱ ደብረ ብርሃን፥ ሌላው ፍራንክፈርት በሆነ ጊዜ ግን ከዚህ በፊት ያልነበረ ጭንቀት ይፈጠራል። መልስ ሳይመጣ የቀረ እንደ ሆነ ጥያቄው በመንገድ ጠፍቶ ይሆናል፤ ወይም ሰርቨሩ ወድቆ ይሆናል፤ ወይም ሰርቨሩ ሥራውን በሚገባ ፈጽሞ መልሱ ሲመለስ ጠፍቶ ይሆናል። ደንበኛው እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ለማወቅ ምንም መንገድ የለውም። ለእርሱ ሦስቱም አንድ ዝምታ ናቸው። ይህ ነጥብ ኋላ ስለ ፈተና ሲነገር ይመለሳል።

በ1984 እ.ኤ.አ. አንድሩ ቢረልና ብሩስ ኔልሰን የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ በአሜሪካ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ሲሠሩ፥ ሩቅ ያለውን ማሽን መጠየቅ የቅርቡን እንደ መጠየቅ ቀላል የሚመስልበትን ዘዴ ጽፈው አሳተሙ። በደንበኛው ማሽን ውስጥ አንዲት ትንሽ የፕሮግራም ቍራጭ ትቀመጣለች፤ ቃሉን ተቀብላ ትጠቀልላለች፥ ትልካለች፥ መልሱን ፈትታ ታስረክባለች። ስምዋን «ስተብ» አሏት፤ ጉቶ ማለት ነው፤ ግንዱ ያለው ሌላ አገር ነውና ስሙ አልከፋም። በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማርክ ሻፒሮ የተባለው የፈረንሳዩ የኢንሪያ ተመራማሪ ይህን አሳብ አስፍቶ «የፕሮክሲ ሥርዐት» ብሎ ሰየመው። እንደ እርሱ አሳብ፥ አንድ አገልግሎት የሚፈልግ ደንበኛ አስቀድሞ የአገልግሎቱን እንደራሴ በቤቱ መቀበል አለበት፤ ደንበኛው የሚያውቀውና የሚያነጋግረው ይህን እንደራሴ ብቻ ነው፤ እንደራሴውና ሩቅ ያለው አገልጋይ በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ ግን የሁለቱ የግል ጕዳይ ነው።

የትምህርት ቤቱ ሣጥን ከዚህ ሥርዐት ጋር ዘመድ ይሁን እንጂ የተወለደው ከሌላ ችግር ነው። መረቡ እየሰፋ በሄደ ጊዜ መሥሪያ ቤቶች በውስጣቸውና በውጭው ዓለም መካከል «ፋየርዎል» የሚባለውን ኬላ ማቆም ጀመሩ። ኬላው ክፉውን ከመግባት ከለከለ፤ ነገር ግን በውስጥ ያለውንም ሰው ከመውጣት ከለከለ። መፍትሔው በኬላው ላይ አንድ የታመነ ማሽን አቁሞ በሁሉም ፈንታ እርሱ ብቻ እንዲወጣና እንዲገባ ማድረግ ሆነ። ድረ ገጽ የሚባለው ነገር በ1989 እ.ኤ.አ. በታሰበበት በሰርን፥ በጄኔቫ፥ አሪ ሉኦቶነን የተባለው ሰው ከኢንቴል ኩባንያው ከኬቪን አልቲስ ጋር ሆኖ ስለዚህ ዐይነት ፕሮክሲ በ1994 እ.ኤ.አ. በዚያው በጄኔቫ በተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ጉባኤ ላይ ጽሑፍ አቀረበ።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ከኬላው ሌላ አንድ ጥቅም ተጠቅሶ ነበር፤ እርሱም ማከማቸት ነው። ሒሳቡን ማንኛውም መምህር በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሊሠራው ይችላል። በአንድ ማሠልጠኛ 40 ኮምፒዩተሮች አሉ ይባል፤ መስመሩ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ያስተላልፋል፤ ትምህርቱ ባለ 5 ሜጋባይት አንድ መጽሐፍ ነው። ባይቱ 8 ቢት ስለ ሆነ አንዱ መጽሐፍ 40 ሜጋቢት፥ አርባው ባንድነት 1,600 ሜጋቢት ይሆናል። ሁሉም በየራሱ ከውጭ ቢያመጣ 400 ሰከንድ፥ ይኸውም ስድስት ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል። ፕሮክሲው አንድ ጊዜ አምጥቶ በጎተራው ቢያስቀምጥና ለቀሩት 39 ከጎተራው ቢያድል ግን የውጭው መስመር የሚያዘው ለ10 ሰከንድ ብቻ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣውና «ስኩዊድ» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም ይህ ስሌት ዛሬ እንደ ድሮው አይሠራም፤ ይህን ሳይናገሩ የሚያልፉ ዕቃ ሻጮች ስላሉ መነገር አለበት። ዛሬ አብዛኛው ገጽ በምስጢር ቍልፍ ተዘግቶ የሚጓዝ ነው። ደንበኛው ፕሮክሲውን «ኮኔክት» በሚል ትእዛዝ፥ «ወደዚህ ሰርቨር፥ ወደ 443ኛው በር አገናኘኝ» ይለዋል። ፕሮክሲው መስመሩን ከፍቶ «200» ብሎ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፈውን ነገር አያውቅም፤ ከአንዱ እጅ ተቀብሎ ለሌላው ማስረከብ ብቻ ነው። የታሸገ ደብዳቤ እንደሚያደርስ መልእክተኛ፥ በፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ ያነባል እንጂ ውስጡን አያነብም። ያላነበበውንም ሊያከማች አይችልም። ስለዚህ መስመሩ ቀጭን ለሆነ ትምህርት ቤት ዛሬ የሚሻለው መጻሕፍቱንና መዛግብተ ቃላቱን በግቢው ውስጥ ባለ የራሱ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ውኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የሚያስችለው «ኪዊክስ» የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

አንዳንድ ተቋሞች ግን ሌላ መንገድ ይመርጣሉ። ፕሮክሲው የታሸገውን ደብዳቤ እንዲከፍት፥ እንዲያነብና በራሱ ማኅተም መልሶ እንዲያሽግ ያደርጋሉ። ይህ ያለ ተንኰል ሊደረግ የሚችል ነው፤ ሕፃናትን ከክፉ ገጽ ለመጠበቅ ተብሎ ይደረጋል፥ ምክንያቱም የሚናቅ አይደለም። አሠራሩ ግን በደንብ መታወቅ አለበት። በትምህርት ቤቱ ማሽኖች ሁሉ ላይ የፕሮክሲው ማኅተም አስቀድሞ እንደ ታመነ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከዚያ ወዲያ ፕሮክሲው የባንኩንም፥ የደብዳቤ ቤቱንም፥ የማንንም ሰርቨር መልክ ይዞ በደንበኛው ፊት ይቆማል፤ ማሽኑም ሳያቅማማ ይቀበለዋል። በመምህራን ክፍል ተቀምጦ የደመወዙን ሒሳብ የሚመለከተው መምህር የቍልፉን ምልክት አይቶ ተማምኗል፤ ይለፍ ቃሉ ግን በጥጉ ባለው ሣጥን ውስጥ ተገልጦ ያልፋል። እንደራሴ የሿሚውን ጕዳይ ይፈጽም ዘንድ ተሾመ እንጂ የሿሚውን ፊርማ እየፈረመ ደብዳቤውን እንዲያነብ ማንም አልፈቀደለትም። እንዲህ ያለ አሠራር የሚከተል ትምህርት ቤት ቢያንስ ጕዳዩን ለመምህራኑና ለተማሪዎቹ በጽሑፍ ሊያስታውቅ፥ የባንክንና የሕክምናን ገጾችም እንደ ታሸጉ እንዲያልፉ ሊያዝ ይገባል። ደግሞም የገዛ ሰርቨራቸውን ማኅተም በውስጣቸው ይዘው የሚዞሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ እነዚህ እንግዳውን ማኅተም ባዩ ጊዜ አንገናኝም ይላሉ። ቴክኒሻኑ «ፕሮግራሙ ተበላሽቷል» ቢልም ፕሮግራሙ የሠራው ትክክለኛውን ሥራ ነው።

በሁሉም ፈንታ አንድ ሰው በወጣ ጊዜ የሚመጣ ሌላ ጣጣም አለ። በአሮጌው የአድራሻ ሥርዐት በጠቅላላው ያሉት ቍጥሮች 4,294,967,296 ናቸው፤ ይህም ለዓለም ማሽኖች ስለማይበቃ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ለውስጥ ብቻ የሚያገለግሉ ቍጥሮችን ለየ። በ«192.168» የሚጀምሩት፥ በየትምህርት ቤቱ የሚታዩት፥ ከእነዚህ ናቸው። በውጭ ያለው ሰርቨር እነርሱን አያያቸውም፤ የሚያየው የፕሮክሲውን አንድ አድራሻ ነው። እንግዲህ 40 ተማሪዎች ባንድ ደቂቃ ውስጥ የመግቢያ ቃላቸውን ቢጽፉ ሰርቨሩ አንድ ሌባ 40 ቍልፍ የሚሞክር ይመስለውና በሩን በሁሉም ላይ ይዘጋል። ለዚህ መድኀኒት የሆነው ፕሮክሲው በጥያቄው ራስጌ ላይ «ይህን የጠየቀው በእውነቱ እከሌ ነው» ብሎ እንዲጽፍ ነው፤ ልማዱ ሲሠራበት ቈይቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የጸደቀ ደንብ ወጣለት። ነገር ግን በራስጌ ላይ መጻፍ ለማንም ቀላል ነው፤ አታላይም ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩ ይህን ቃል ማመን ያለበት ከሚያውቀው ፕሮክሲ እጅ የመጣ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተማሪዎቹ ከፊል በኮምፒዩተር መረብ አማካይነት ይሰጣል። በመረብ የሚሰጥ ማንኛውም ፈተና፥ ብሔራዊ ቢሆን የማሠልጠኛም ቢሆን፥ በደንበኛና በሰርቨር መካከል የሚደረግ ምልልስ ነው፤ በመካከሉም ፕሮክሲ ሊኖር ይችላል። ቀድሞ የተነገረው ዝምታ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው በዚህ ስፍራ ነው።

ተማሪዋ መልስዋን ጨርሳ «ላክ» የሚለውን ተጫነች ይባል። ፕሮክሲው ጥያቄውን ተቀብሎ ወደ ሰርቨሩ አደረሰ፤ ሰርቨሩም መዘገበ። መልሱ ሲመለስ መስመሩ ተቈረጠ። ፕሮክሲው የተወሰነለትን ጊዜ ጠብቆ ሲያበቃ ለተማሪዋ «504» የሚል ቍጥር አወጣላት። ይህ ቍጥር «ሰርቨሩ በጊዜው አልመለሰልኝም» ማለት ነው እንጂ «መልስሽ አልደረሰም» ማለት አይደለም። ጐረቤቱ «502» ደግሞ «ከሰርቨሩ የመጣው መልስ የተበላሸ ነው» ማለት ነው፤ «407» ሲሆን ፕሮክሲው ራሱ ይለፍ ይጠይቃል። የፈተና ተቈጣጣሪ የሆነ መምህር ሌላው ቢቀር እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል፤ 407ን ያየች ተማሪ መልስዋ ከግቢው አልወጣም፤ 504ን ያየች ተማሪ ግን መልስዋ ደርሶም ይሆናል፥ ሳይደርስም ቀርቶ ይሆናል።

አሁን ትድገመው ወይስ ትተወው? ብትተወው ምናልባት አልደረሰም፤ ብትደግመው ምናልባት ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። መልሱ የሚገኘው ከሥራው ጠባይ ነው። መምህሩ በስም መጥሪያው ላይ ለአንዲት ተማሪ «ተገኝታለች» ብሎ ሁለት ጊዜ ቢጽፍ ሁለት ጊዜ የተገኘች አትሆንም፤ በውጤትዋ ላይ 5 ነጥብ ሁለት ጊዜ ቢደምር ግን 10 ይሆናል። የመጀመሪያው ሥራ ቢደገም የማይጐዳ፥ ሁለተኛው ቢደገም የሚጐዳ ነው። የድረ ገጽ ቋንቋ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ልዩነት በደንብ ጽፎ አስቀምጧል፤ «ጌት» እና «ፑት» የተባሉት ትእዛዞች ቢደገሙ ጕዳት የላቸውም፤ «ፖስት» ለተባለው ግን እንዲህ ያለ ዋስትና አልተሰጠም። ስለዚህ ጥሩ ፕሮክሲ በራሱ ሥልጣን «ፖስት»ን ደግሞ መላክ የለበትም።

ዋናው መፍትሔ ግን ከፕሮክሲው ሳይሆን ከፈተናው ፕሮግራም ሠሪ የሚጠበቅ ነው። ደንበኛው መልሱን ከመላኩ በፊት ለዚያ መልስ የማይደገም ቍጥር ይሰጠዋል፤ ቢደግምም ያንኑ ቍጥር ይዞ ይደግማል። ሰርቨሩ ቍጥሩን በመዝገቡ ያገኘው እንደ ሆነ አዲስ አይጽፍም፤ የቀድሞውን ደረሰኝ ይመልሳል። እንዲህ ከሆነ ተማሪዋ አሥር ጊዜም ብትጫን መልስዋ አንድ ነው። ይህን የማያደርግ ፕሮግራም ለፈተና መገዛት የለበትም፤ መልኩ ያማረ፥ ዋጋውም የረከሰ ቢሆን።

ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ከሰርቨሩ ጋር መስመር ከፍተው ይቈያሉ፤ ለዚህ የሚያገለግለው «ዌብሶኬት» የተባለው ሥርዐት በ2011 እ.ኤ.አ. ጸደቀ። መካከለኛው ግን ዝም ያለ መስመር አይወድም። «ኤንጂንኤክስ» የተባለው፥ ኢጎር ሲሶዬቭ የተባለ ሩስያዊ ጽፎ በ2004 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያወጣው ዝነኛ ፕሮግራም፥ ካልተለወጠ በቀር ሰርቨሩ ለ60 ሰከንድ ምንም ነገር ያልላከበትን መስመር ይቈርጣል። በከባድ ጥያቄ ላይ ሁለት ደቂቃ ተክዞ የሚያስብ ተማሪ በማሰቡ ይቀጣል ማለት ነው፤ ከመምህር እይታ ይህ የተገለበጠ ፍርድ ነው። ፕሮግራሙ በየጊዜው «አለህ ወይ? አለሁ» የሚል አጭር ምልክት እንዲለዋወጥ ቢደረግ መስመሩ አይቈረጥም።

ኤንጂንኤክስ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በደንበኛው በር ሳይሆን በሰርቨሩ በር ነው። ይህ ከእንደራሴ ይልቅ እልፍኝ አስከልካይን ይመስላል፤ ባለጕዳዮችን ተቀብሎ፥ ሥራ ወደ በዛበት ሳይሆን ወደ ቀለለው ሰርቨር ይመራል፤ አንዱ ቢወድቅ ወደ ሌላው ያሳልፋል። ደንበኛው ከበስተኋላ አንድ ሰርቨር ይኑር ወይም አንድ መቶ አያውቅም። እልፍኝ አስከልካዩ ራሱ የታመመ እንደ ሆነ ግን በውስጥ ያሉት ሁሉ ጤነኞች ሆነው ሳሉ ቤቱ ይዘጋል፤ ስለዚህ ሁለት ሆነው እንዲቆሙ ይደረጋል።

የቀረው ጕዳይ መዝገቡ ነው። ፕሮክሲ ያሳለፈውን ሁሉ መጻፍ ልማዱ ነው፤ የጠያቂውን አድራሻ፥ ሰዓቱን፥ የተጠየቀውን ሰርቨር ስም፥ የተላለፈውን መጠን። ደብዳቤው ታሽጎ ቢያልፍም እነዚህ ከፖስታው ላይ የሚነበቡ ናቸው። በሌሊት ስለ አንድ በሽታ የሚያስረዳ ገጽ የከፈተች ሠልጣኝ፥ የሥራ ማመልከቻ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የላከ መምህር፥ ምን እንደ ጻፉ ባይታወቅም ወዴት እንደ ሄዱ በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል። መዝገቡ ለጥገና ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱ የተበላሸው የት እንደ ሆነ አይታወቅም። ስለዚህ አይጻፍ አይባልም። የማሠልጠኛው ዳይሬክተር ግን መዝገቡ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፥ ማን እንደሚያነበውና በማን ፈቃድ እንደሚገለጥ የቴክኒክ ሠራተኛውን ጠርቶ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ «ይህ አልተወሰነም» የሆነ እንደ ሆነ፥ መዝገቡ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ዲስኩ እስኪሞላ ድረስ ነው፤ የሚያነበውም የዚያን ሣጥን ይለፍ ቃል የሚያውቅ ሁሉ ነው፤ ባለፈው ዓመት ሥራውን ለቅቆ የሄደው ሠራተኛ ጭምር፥ ይለፍ ቃሉ ካልተለወጠ።